አስቸኳይ! ኩስተሬ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ

ጠያቂው፦
ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ንጋት 11 ሰዓት የአሜሪካው ፈረሰኛ አዛዥ ኩስተር ስላደረገው የመጨረሻ ውጊያ የፊልም ቀረጻ አለን። ኩስተርን የሚጫወተው ልጅ እስከ ትከሻው የወረደ ፀጉር ነበረው። ዛሬ ፀጉር ቤት ገብቶ አሳጥሮት መጣ! እዚህ ዴንቨር ዊግ የሚያከራዩት ሁሉ ዘግተዋል። ጎራዴ 15 ተከራይቻለሁ፣ ፈረስ ግን 6 ብቻ ነው ያለኝ። ታሪኩን ሳላዛባ መሥራት ነው የምፈልገው። ምን ይሻለኛል?

ሜካፕ ሠሪዋ፦
ከሱፐርማርኬት ርካሽ ቢጫ ዊግ ግዛና ጫፉን በመቀስ አበላሸው። ባርኔጣ ሥር ማንም አይለየውም።

ጡረተኛው መምህር፦
መጀመሪያ ለማያውቅ ይነገር። ነገሩ ጁን 25 ቀን 1876 ሞንታና ውስጥ፣ ሊትል ቢግሆርን ወንዝ ዳር የሆነ ነው። የአሜሪካ 7ኛው ፈረሰኛ ጦር የአገሩ ነባር ሕዝቦች በሆኑት በላኮታና በሸያን ሰፈር ላይ ዘመተ። ኩስተር ጦሩን ከፋፈለው። እሱን ተከትለው ከገቡት 210 ያህል ሰዎች አንድም አልተረፈ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ደግሞ የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ድል መትቷል። በግብፅ በኩል እንደ ሎሪንግ ያሉ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መኮንኖች ነበሩበት። ይህንንም የሚቀርጽ ልጅ ያምጣልን።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ፀጉሩስ?

የሞንታናዋ፦
ወንድሜ ተረጋጋ። ኩስተር ራሱ ከዘመቻው በፊት ፀጉሩን አሳጥሮ ተቆርጦ ነበር። ልጁ ሳያውቅ ትክክሉን ሠርቶልሃል! ጉድ የሚያደርግህ ጎራዴው ነው። ጦሩ ጎራዴውን በሳጥን አሽጎ ፓውደር ወንዝ ላይ ትቶት ነው የሄደው። የሙዚቃ ባንዱም እዚያው ቀርቷል። የያዙት ኮልት ሽጉጥና ስፕሪንግፊልድ ሞዴል 1873 አጭር ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው አንድ ተኩሰህ አንድ የምታጎርሰው ነው። ሲግል የመዳብ ቀለሁ አልወጣ ይላል፣ ወታደሩም በቢላ ጫፍ ይፈለቅቀዋል። እሷን ቅርብ ሆነህ ቅረጻት፣ ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ።

ፈረስ ወዳዱ፦
6 ፈረስ ይበቃሃል። ፈረሰኛው ሲዋጋ ወርዶ ነው። ከአራት ሰው አንዱ የአራቱንም ልጓም ይዞ ወደኋላ ይቀራል። አራት የበረገጉ ፈረሶች አንድ ሰው ሲጎትቱ አሳይ። መቶ ፈረስ አያስፈልግህም።

ሜካፕ ሠሪዋ፦
እኔ አሁንም ዊግ ነው የምለው። ሰው የሚያውቀው ባለ ረጅም ፀጉሩን ነው።

ተከራካሪው፦
ሰው ስለለመደው ስህተቱ ይደገም እንዴ? ለነገሩ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ለምን ሁሌ ኩስተር? ሰፈሩ ውስጥ እናትና ሕፃን ነበሩ። ያንን ቀን አይተው የተናገሩት ላኮታዎቹና ሸያኖቹ ናቸው። ሬድ ሆርስ የሚባል የላኮታ ተዋጊ በ1881 ውጊያውን በሥዕል አስቀምጦታል። የወደቁት ፈረሶች ብቻቸውን፣ ጋላቢ የሌላቸው፣ ገጹን ሞልተውታል። እነዚያን ሥዕሎች ሳታይ ካሜራ አትክፈት።

ጠያቂው፦
ልክ ነህ። የመጀመሪያውን ሾት ከሰፈሩ እጀምራለሁ። ጎራዴዎቹንም ለመመለስ መኪና ላይ ጭኛለሁ። አሁን የቀረኝ ማጅራቱ ነው። ዛሬ ስለተቆረጠ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ያስታውቃል።

ሜካፕ ሠሪዋ፦
እሱማ ቀላል ነው። ቀላ ያለ ቡናማ ፋውንዴሽን በስፖንጅ ነካ ነካ አድርግበት። ቫዝሊን በስሱ ቀባና ደቃቅ አፈር ነስንስበት። ጆሮው ጀርባ እንዳትረሳ፣ ካሜራ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።