የሻንጣዬ የቁጥር ቁልፍ በራሱ ኮድ አልከፈት አለ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ገርጂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዋሽንግተን የመጣ ጠንካራ የፕላስቲክ ሻንጣ ነው። ባለ 3 ቁጥሩ ቁልፍ ከጎኑ ተገጥሟል፤ የዚፑ ሁለት ጆሮዎች ውስጡ ገብተው ተይዘዋል። ኮዱን በደንብ አውቀዋለሁ፣ መክፈቻው ግን ንቅንቅ አይልም። አጠገቡ የቁልፍ ቀዳዳ አለ፤ ቁልፍ ግን አብሮ አልመጣም። የእናቴ መድኃኒት ውስጡ ስላለ ዛሬውኑ መከፈት አለበት።

ቁልፍ ሠሪ (መርካቶ)፦ እህቴ፣ ካቻቪቴ እንዳታነሺ። ሻንጣው ከታጨቀ ዚፑ ጆሮዎቹን ወደ ውጭ ስለሚስብ መንጠቆው ተጨናንቆ ኮዱ ትክክል ሆኖም አይለቅም። አስተኝተሽው ሌላ ሰው ከቁልፉ አጠገብ በጉልበቱ ይጫነው። አንቺ ሁለቱን ጆሮዎች ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ ይዘሽ መክፈቻውን ግፊ። ቁጥሮቹም መስመሩ ላይ ልክ መቀመጣቸውን እዪ፤ አንዱ ትንሽ ዘንበል ካለ አይከፍትም።

ይህ ካልሠራ ኮዱ ሳይታወቅ ተቀይሮ ይሆናል። የኮድ መቀየሪያዋ (ኮድ ሲቀየር የምትጫኚያት ትንሽ አዝራር) ተጭና ሳለ አንድ ቁጥር ከዞረ አዲሱ ኮድ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዛነፈው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ሳትነኪ ሦስተኛውን በየተራ አዙሪ። ሦስቱንም ብትጨርሺ 27 ሙከራ ነው። 000ንም አትርሺ፤ ከፋብሪካ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በሱ ነው።

መላሽ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ቀዳዳዋ አጠገብ ቲኤስኤ007 ወይም ቲኤስኤ002 የሚል ካለ ቁልፉ የአሜሪካ የኤርፖርት ፈታሾች ነው፤ ለባለቤቱ አይሰጥም። በመርፌ እንዳትጎረጉሪው፤ ውስጥ ያሉት ስስ ብረቶች ተጣመው ጭራሽ ይቆለፋል። ሻንጣው ሲከፈት ፈታሾቹ ከፍተው እንዳዩት የሚገልጽ ወረቀት ካገኘሽ ግን አስቀምጪው።

መላሽ (አዳማ)፦ 27ቱ ካልከፈተ ኮዱን በዓይን መፈለግ ይቻላል። መክፈቻውን በቀስታ እየሳብሽ የስልክ መብራት በቁጥሩና በሽፋኑ መካከል ባለው ስንጥቅ አብሪ፤ ቁጥሩን ስታዞሪ ውስጥ ያለው ዘንግ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ወይም ጎድጎድ ያለ ምልክት ይመጣል። የሦስቱን ምልክት በአንድ አቅጣጫ አሰልፊ። ከዚያ ሦስቱንም እኩል አንድ አንድ ቁጥር እያሳለፍሽ መክፈቻውን ሞክሪ፤ ቢበዛ በ10ኛው ይከፈታል። ምልክቱን ጨርሶ የሚሸፍኑ ቁልፎችም ስላሉ ካልታየሽ አይግረምሽ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። መጫኑም 27ቱም አልሠሩም። ምልክቱ በሁለቱ ላይ ይታያል፣ በሦስተኛው ግን ምንም የለም። በእስክሪብቶ ዚፑን መክፈት ይቻላል የሚሉኝ አሉ፣ ልሞክረው?

መላሽ (አዳማ)፦ ቆይ፣ ሁለቱ ከታዩሽ ብዙ አልቀረም። ሁለቱን አሰልፊና ሦስተኛውን ከ0 እስከ 9 አዙሪ። ካልሆነ ሁለቱን አንድ አሳልፈሽ እንደገና ከ0 ጀምሪ። በጠቅላላ 100 ሙከራ ነው፤ ለእያንዳንዱ 2 ሰከንድ ብትወስጂ 4 ደቂቃ አይሞላም። ምንም ሳይታይሽ ሁሉንም 1000 ብትሞክሪው እንኳ በዚሁ ፍጥነት ወደ 33 ደቂቃ ነው።

ቁልፍ ሠሪ (መርካቶ)፦ እስክሪብቶው የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የሚሠራው የዚፑ ጥርስ ናይለን ከሆነ ነው፤ ብረት ወይም ድርብ ዚፕ ከሆነ አይሞከርም። ከማዕዘኑ ርቀሽ ቀጥ ባለው በኩል ጫፉን ጥርሶቹ መካከል አስገቢና ጫን በይው፤ ይሰነጠቃል። በዚያ በኩል እጅሽን አስገብተሽ የገበሩን ዚፕ ክፈቺ፤ ቁልፉን የያዙት ትናንሽ ብሎኖች ብዙ ጊዜ ከጀርባው ናቸው። ቁልፉ ሲለቅ የዚፑን ራስ በተሰነጠቀው ላይ አሳልፈሽ እስከ ጫፍ ውሰጂውና መልሺው፤ ጥርሱ ይገጥማል። ያረጀ ዚፕ ግን ይበጠሳል።

ጠያቂ፦ በ100ው መንገድ ተከፈተ! መድኃኒቱ ደኅና ነው፤ እናቴም መርቃችኋለች። አሁን አዲስ ኮድ እንዴት ላስገባ?

መላሽ (አዳማ)፦ እሰይ! የከፈተውን ቁጥር ሳትነኪ መቀየሪያዋን በእስክሪብቶ ጫፍ ቀጭ እስክትል ተጫኚ፤ አዲሱን ኮድ አስገቢና መክፈቻውን ግፊ፤ መቀየሪያዋ ተመልሳ ትወጣለች። ሳትዘጊው በፊት ሻንጣው ክፍት ሆኖ ቁጥሩን አዘበራርቀሽ ሁለት ሦስቴ ሞክሪው። መቀየሪያዋ ካልተመለሰች ቁልፉ ተበላሽቷልና አትቆልፊበት።

መላሽ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ በጉዞው ላይ የተሰበረ ነገር ካለ ደግሞ ፎቶ አንሺና ለአየር መንገዱ በጽሑፍ አመልክቺ። በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ ያለሽ ጊዜ ሻንጣውን ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ 7 ቀን ነው፤ የሻንጣውን ቁጥር የያዘችውን ወረቀት አያይዢ።