ተማሪ የሠራው መውቂያ የማን ነው?

ወገኖቼ፣ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ከኪሴ እየከፈልኩ ሁለተኛ ዲግሪ ስማር ለመመረቂያዬ የማሾ (ትንሽ ፍሬ ያለው ጥራጥሬ) መውቂያ ሠራሁ። ሐርቡ አካባቢ ያሉ ዘመዶቼ ማሾ የሚወቁት በዱላ ነው። ማሽን ውስጥ ሲገባ ፍሬው ይሰነጠቃላ! እኔ የሚሽከረከረውን ከበሮ በአሮጌ የመኪና ጎማ አለበስኩት። ጎማው ቆባውን ይፈለፍላል፣ ፍሬውን አይሰብርም። የመጀመሪያውን እፍኝ ዘርግቼ ስለቅም የተሰነጠቀው ሦስት ፍሬ ብቻ ነበር። እንባዬ መጣ።

የብረቱንና የበያጁን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሞተሩና ወርክሾፑ ግን የዩኒቨርሲቲው ነው።

ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ላወጣ ስነሳ ዩኒቨርሲቲው "መብቱ የእኛ ነው፣ ፈርም" አለኝ። ደንቡን አሳዩኝ ብል የሚያሳየኝ አጣሁ። ወረቀቶቼን ሁሉ አገላብጫለሁ፤ ስመዘገብ ስለ ፈጠራ የፈረምኩት ነገር የለም። ስለ ፈጠራ መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 123/1987ንም አነበብኩ። በቅጥር ሥራ የተገኘ ፈጠራ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል። በሠራተኛው ጥረትና በአሠሪው ዕቃ የተገኘውን ደግሞ ለሁለቱም እኩል ያካፍላል። ስለ ተማሪ የሚል ግን አላገኘሁበትም። እኔ ደመወዝ አልበላሁም፣ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ጊዜ የለኝም። የመመረቂያ ጽሑፌ በሚቀጥለው ወር ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ይፋ ከወጣ የፈጠራው አዲስነት ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ወርጄ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከት እፈልጋለሁ።

በዚህ ሕግ የሠራችሁ ካላችሁ፦ ከፍሎ የሚማር ተማሪ በአዋጁ እንደ ተቀጣሪ ይቆጠራል ወይስ ፓተንቱን በራሴ ስም ብቻ ማመልከት እችላለሁ?