ጎንደር ላይ የሚሆን የኳስ ተጫዋች የፍቅር ልብ ወለድ፦ ልጁ ሲለወጥ አይታይም አሉኝ

የቀሃ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደርን መቼት ያደረገ የዘመናችን የፍቅር ልብ ወለድ ረቂቅ ጨርሻለሁ፤ 30 ምዕራፍ ነው። ይበልጣል የ24 ዓመት የመስመር ተከላካይ፣ ቤዛ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ኅዳር ላይ ጉልበቱ ይጎዳል፣ እሷ ታክመዋለች፣ ይዋደዳሉ። ሚያዝያ ላይ ተመልሶ ፋሲለደስ ስታዲየም በሞላ ደጋፊ ፊት ግብ ያገባና ዋንጫ ይነሳል። ያነበቡት ሁሉ «ተለወጠ ብለሽ ነገርሽን እንጂ ሲለወጥ አላየንም» ይላሉ። ምኑን ልንካ?

ጅማት፦
ከቀን መቁጠሪያው ጀምሪ። የተበጠሰው ኤሲኤል የሚሉት መስቀለኛ ጅማት ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 9 ወር ሳይሞላው ጨዋታ የሚያስገባው ሐኪም አደጋ እየገዛለት ነው።

አደጋውንም ክፉ ተጋጣሚ ረግጦት አታድርጊው፤ በብዛት የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው ነው። ሮጦ ድንገት ሲቆም ወይም አቅጣጫ ሲቀይር እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ጉልበቱ ይዞራል። «ጧ» ይላል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ያብጣል። ሕመሙ ቶሎ ስለሚበርድ ግን ማታውን ተነስቶ ሊራመድ ይችላል። እናቱ ወጌሻ ዘንድ ብትወስደው ያምራል፤ ማሸት የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም፣ እብጠቱን ግን ሊያባብስ ይችላል።

ጉዳቱ ኅዳር 1 ቢሆን፣ እብጠቱ እስኪጎድልና ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ተጠብቆ ቀዶው ታኅሣሥ 5 ይሁን። ጥር 11፣ ጥምቀት፣ 5ኛ ሳምንቱ ነው፦ ክራንቹን ጥሏል፣ እስክስታ በትከሻ ይችላል፣ መዝለልና በጥምቀተ ባሕሩ እርጥብ ድንጋይ ላይ በሰው መገፋት ግን ክልክል። የካቲት መጨረሻ በቀጥታ መስመር ሶምሶማ። ኳስ ይዞ መታጠፍ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። 9 ወሩ የሚሞላው መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው፤ ማለትም የውድድር ዓመቱ ጭራሽ አመለጠው።

የሚያታልለው ደግሞ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው። ሕመም የለም፣ እብጠት የለም፣ በቀዶው በተበጠሰው ምትክ የተተከለው ጅማት ግን ውስጥ ውስጡን እየታደሰ ስለሆነ በጣም ደካማ ነው። «ድኛለሁ» ብሎ ተደብቆ ኳስ የሚመታው ያኔ ነው።

ጾሙንም አትርሺ። የዓቢይ ጾም 55 ቀናት ጡንቻ መልሶ በሚገነባበት ወቅት ይመጣሉ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ስፖርተኛ በቀን 110 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 250 ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው 22 ግራም አካባቢ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ቤዛ የክብደት ልምምዱን ወደ 10 ሰዓት ትገፋዋለች እንጂ ባዶ ሆዱን አታነሳውም። በዚህ ጉዳይ ከእናቱ ጋር ብታጋጫት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አራዳ ሜዳ፦
የመጨረሻው ትዕይንት ኳስ የሚከታተለውን አንባቢ አያሳምነውም። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ነው፤ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር እያለ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ እንኳ ሊጉን ያሸነፈው በዚያው በ2013 ነው፤ በሜዳው ሳይጫወት። ታሪክሽ የዛሬ ከሆነ ደጋፊው ፒያሳ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጧል፣ ቡድኑ ሳምንታት ሆቴል ውስጥ ነው።

ለፍቅር ታሪክ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም እኮ! እሱ ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ፣ እሷ ጎንደር ብርድ ላይ፣ መሐላቸው ስልክ ብቻ። ክለቡን ደግሞ የፈጠራ ስም ስጪው። ጉዳት ደብቆ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ ከጻፍሽ በእውነተኛ ክለብ ስም መሆን የለበትም።

ረቂቅ አራሚ፦
ሁለቱም ያሉሽን ያዢ፤ የባሕርይ ለውጡ የሚቀመጠው እዚያው ባዶ ወራት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ግን የልጁን ጉድለት አንድ ብቻ አድርጊው፣ የሚታይም ይሁን። «ኩሩ ነው» አይታይም። «ሲከፋው ስልኩን ያጠፋል» ይታያል።

ከዚያ ያንኑ ሁኔታ ሦስቴ አምጪው። ምዕራፍ 5 ላይ የምርመራው ውጤት ሲነገረው ስልኩን ያጠፋል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ምዕራፍ 14 ላይ ተደብቆ ኳስ መትቶ ጉልበቱ አብጧል፤ አሁን ያነሳል፣ ግን ይዋሻል፦

«ሄሎ? ምነው ድምፅህ?»
«ምንም። ተኝቼ ነው።»
«ጉልበትህስ?»
«ደህና ነው አልኩሽ!»

ጉልበቱ ላይ በረዶ በፌስታል አስሮ ይህን ሲል ብቻ አሳዪ፤ አንድም ቃል ማብራሪያ አትጨምሪ። ምዕራፍ 24 ላይ ክለቡ ውሉን እንደማያድስ ሲነግረው፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይደውላል። ይህ ጥሪ የሚያስከፍለው ነገር ይኑር፤ ያለዚያ ለውጥ አይደለም። «ተለወጠ»፣ «ገባው»፣ «ተገነዘበ» የሚሉትን ፈልገሽ ሰርዢ።

ቤዛም ነርስ ሆና ብቻ እንዳትቀር። አሁን ያለችው ስታክም፣ ስትመክር፣ ስትጠብቅ ነው፤ አንድም ነገር ሲጎድላት አላየሁም። ሰው ሁሉ እንዲፈልጋት የምትሮጥ ብትሆንስ? እሱ እየዳነ ሲሄድ የምትፈራው እሷ ትሆናለች።

ከታካሚ ጋር በሕክምና ላይ እያሉ ፍቅር መጀመር ደግሞ የሙያ ሥነ ምግባር ጥሰት ነው። አንባቢ ይቅር የሚላት ፋይሉን ለባልደረባዋ አስረክባ ስትወጣ ነው፤ ከመሳሳማቸው በፊት፣ በኋላ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት «ዶክተር» እያለ ይጥራት። ዋንጫውን አውጪው፤ ፍቅሩ በግብ ከተሸለመ ያ ሁሉ ስልክ ለምን ነበር?

የቀሃ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፋይሉን ካስረከበች ወደ ጨዋታ ከመመለሱ በፊት ጉልበቱ የሚፈተንበት የመጨረሻው ፈተና ላይ ልትገኝ ትችላለች? ፈተናውስ ምን ይመስላል?

ጅማት፦
በር ላይ ቆማ ማየት ትችላለች፣ ሜትሩን የሚይዘው ግን ባልደረባዋ ነው። በአንድ እግር ዘሎ በዚያው እግር ያርፍና 2 ሰከንድ ሳይንገዳገድ ይቆማል፤ ከተንገዳገደ አይቆጠርም። መጀመሪያ በደህናው እግር ይዘላል። የተጎዳው ቢያንስ 90 በመቶውን መድረስ አለበት። ደህናው 180 ሴንቲ ሜትር ከዘለለ 162 ይፈለጋል ማለት ነው። የጭን ጡንቻው ጥንካሬም በተመሳሳይ ይለካል። እኔ ብሆን መጀመሪያ 158 አስዘልለው ነበር፤ ወድቋል፣ ወር ጠብቆ ይደገማል፣ ቡድኑ ግን ነገ ጠዋት ወደ አዳማ ይነሳል።