የማዳበሪያ ድጎማው ለገበሬው በእጅ ይሰጣል እንዴ?

የቢቸናው፦ ሰላም ወገኖች። አባቴ ጤፍና ስንዴ ነው የሚዘራው። "መንግሥት ማዳበሪያ ደጉሟል" ሲባል በራዲዮ ሰምቶ፣ ብሩ መቼ ነው የሚሰጠኝ እያለ በስልክ ወጥሮ ይዞኛል። ምን ልበለው?

ዳሞት፦ በእጅ የሚሰጥ ብር የለም ወንድሜ። ድጎማው ዋጋው ላይ ነው። ማዳበሪያው ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ይገባል፣ ከዚያ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር (በዩኒየንና በየቀበሌው ባለው መሠረታዊ ማኅበር) በኩል ሲሸጥ ከወጪው ከፊሉን መንግሥት ይሸፍናል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ግን ዶላሩ ስለተሰቀለ ተደጉሞም እሳት ነው።

የማርቆሷ፦ እኛ ጋ አንድ ክረምት ወረፋ ይዘን ሳለ አለቀ ተባልን። ማታ ያው ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፣ ስፌቱ እንኳ ሳይፈታ፣ ከነጋዴ ቤት በእጥፍ ተሸጠ! ድጎማውን ማን በላው? አባትህ ከማኅበሩ ደረሰኝ ሳይዙ እንዳይወጡ።

የቢቸናው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገርኩት፣ "እንግዲያ ፍጌ ይሻለኛል" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ 😂

ዳሞት፦ ፍጉም ደግ ነው። ዩሪያ ከገዙ ግን ባንዴ እንዳይጨርሱት፣ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ጎርፍ ይወስደዋል። ከፊሉን ከአረም በኋላ ይበትኑት።