ካልሲየም ከፍ ብሎ ቫይታሚን ዲ ሲያንስ

ጥያቄ፦ ጤና መኮንን፣ ሰበታ
ውድ ባልደረቦች፣ አንዲት የ48 ዓመት እናት በድካም፣ በሆድ ድርቀትና ሌሊት በሚደጋገም ሽንት ተቸግረው ወደ ክሊኒካችን መጥተው ሲመረመሩ ካልሲየማቸው 12.4 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ አልቡሚናቸው (ካልሲየምን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን) 3.5፣ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲያቸው ደግሞ 14 ሆኖ ተገኝቷል። ለወራት የቆየ ሳልና የክብደት መቀነስም አለባቸው። ልጃቸው «ቫይታሚኑ አነሰ ካላችሁ ለምን አታዙላትም?» እያለ አጥብቆ ይጠይቀኛል። የቫይታሚኑ ማነስ፣ ለካልሲየሙ መጨመር ቫይታሚን ዲ ምክንያት አይደለም ለማለት ይበቃል?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ለገጣፎ
አይበቃም፤ ቫይታሚኑንም ለጊዜው እንዳያዝዙ አደራ እላለሁ። 25-ሃይድሮክሲ ጉበት የሚያዘጋጀው፣ በደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ክምችት ነው። ካልሲየምን ከፍ የሚያደርገው ሥራ ላይ የሚውለው የቫይታሚኑ ዓይነት፣ 1፣25-ዳይሃይድሮክሲ፣ ሲሆን፣ በጤናማ ሰው ይህን በዋናነት የሚሠራው በፓራታይሮይድ ሆርሞን (ፒቲኤች) የሚታዘዘው ኩላሊት ነው። በሳንባ ነቀርሳ፣ በሳርኮይዶሲስ (በሳንባና በሌሎች አካላት የቁጣ እብጠት የሚፈጥር ሕመም) እና በአንዳንድ ሊምፎማዎች (የሊምፍ ካንሰሮች) ግን በሕመሙ ስፍራ የተሰበሰቡ ማክሮፌጆች (የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት) ከሆርሞኑ ቁጥጥር ውጪ ስለሚያመርቱት፣ ክምችቱ አንሶም 1፣25 ሊያሻቅብ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቫይታሚን ዲ መስጠት ለማክሮፌጆቹ ጥሬ ዕቃ ማቀበል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፒቲኤች ይላኩ። ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ሳለ ፒቲኤች ካልወረደ ጥርጣሬው ወደ ፓራታይሮይድ እጢ ያመራል፤ በዚያ ሕመም 1፣25ም ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን ማንበቡ ያሳስታል። ፒቲኤች ወርዶ 1፣25 ከፍ ካለ ግን ነቀርሳና መሰሎቹ ይቀድማሉ። የአክታ ምርመራና የደረት ራጅ ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሠሩ። በመድኃኒት የመጣ የቫይታሚን ዲ መመረዝ ቢሆን ኖሮ 25-ሃይድሮክሲው አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በላይ ይገኝ ነበር።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ቃሊቲ
በመጠየቂያው ላይ «ቫይታሚን ዲ» ብቻ ብለው ከጻፉ የሚሠራልዎት 25-ሃይድሮክሲው ስለሆነ 1፣25ን ለይተው ይጻፉ። መለኪያውንም ይመልከቱ፤ 14ቱ ናኖ ሞል በሊትር ከሆነ 5.6 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ማለት ነው። ካልሲየሙን ይድገሙት፤ ክንዱ ረዘም ላለ ጊዜ ታስሮ የተቀዳ ደም ውጤቱን ከፍ ያደርጋል። ለአልቡሚኑ ሲታረም 12.8 ይሆናል።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ካርዳቸውን ሳገላብጥ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እንደሚወስዱ አየሁ። ይህስ?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ለገጣፎ
ኩላሊት ካልሲየምን እንዳያስወጣ ስለሚያደርግ በሌላ የግፊት መድኃኒት ይተኩት። ብቻውን እስከ 12.8 ማድረሱን ግን እጠራጠራለሁ፤ ስለዚህ ምርመራውን አያቋርጡ። ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) ይሠሩላቸው፣ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ከሌለባቸው በደም ሥር ፈሳሽ ይጀምሩና ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉላቸው።