ምላስ መበሳት፦ ካኑላ ይሆናል? እስኪድንስ ምን ይበላል?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነኝ። ምላሴን መሃሉ ላይ ልበሳ ነው። ያገኘሁት ሰው ጆሮና አፍንጫ የሚበሳ ነው፤ ምላስ በሆስፒታል ካኑላ (ግሉኮስ ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ በሚገባው ባለ ፕላስቲክ ቱቦ መርፌ) እበሳለሁ አለኝ። ካኑላ ይሆናል? ምላሴ ውስጥ የሚገባው ባለ ኳስ ዘንግ ርዝመቱስ ስንት ይሁን? እቤት ያለ በርበሬ ወጥ አይሠራም፤ ምን ልብላ? ቡናና ጫትስ? አክስቴ ደግሞ ፌጦ አድርጊበት ትላለች። ረመዳን ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ይደርስልኛል?

ቦርከና፦
እህቴ፣ ከካኑላው በፊት ከራስሽ ጤና እንጀምር። በልጅነትሽ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞሽ «የልብ ቫልቭሽ ተነክቷል» ተብለሽ ከሆነ፣ ወይም በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትወጊ ከሆነ፣ ነገሩን ጨርሶ ተዪው። የአፍ ባክቴሪያ በቁስሉ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ የተጎዳ ቫልቭ ላይ ይራባል፤ ይህ የሚገድል ሕመም ነው። እኛ አገር የሩማቲክ ልብ ሕመም ብዙ ስለሆነ ይህን ሳይጠይቅ የሚበሳ ሰው አያሳምነኝም። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ መድኃኒት) የሚወስድ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ትቆይ።

ወደ ካኑላው። ካልተከፈተ እሽግ እስከወጣ ድረስ ይሆናል፣ ግን ቁጥሩ ያሳስታል። በጌጥ ልኬት 14 ጌጅ (የውፍረት ቁጥር ነው) ሲባል ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ነው። በሕክምና ልኬት ደግሞ 14 ቁጥር ሲባል፣ ማለትም ብርቱካናማው ካኑላ፣ የቱቦው የውጪ ውፍረት 2.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ብርቱካናማውን የሚመርጡት የ1.6 ዘንግ በፕላስቲክ ቱቦው ውስጥ ተከትሎ እንዲገባ ነው፤ ቀዳዳው ከዘንጉ ስለሚሰፋ ግን መጀመሪያ ላይ በዛ ብሎ ይደማል። ግራጫው 16 ከሆነ ዘንጉ በቱቦው አያልፍም፣ በግድ ሲገፋ ሥጋ ይቀደዳል። ለጌጥ ተብሎ የተሠራ ባለ 1.6 ባዶ መርፌ ካገኘ ከሁለቱም ይሻላል። የጆሮ መበሻ ሽጉጥ ካወጣ ተነስተሽ ውጪ።

ምላስሽን ወደ ላይ አንስቶ በመብራት ሥሩን ማየት አለበት። ግራና ቀኝ የሚሄዱትን ሰማያዊ ደም ሥሮች ይለያል፣ ከዚያ ልክ መሃል መስመሩ ላይ፣ ከጫፉ 1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ፣ ከሥር ካለው ማሰሪያ ፊት ምልክት ያደርጋል። ሥሩን ሳያይ ምልክት የሚያደርግ ከሆነ አትቀመጪለት። መቆንጠጫውና ዘንጉ በአውቶክሌቭ (በግፊት በሚሠራ የእንፋሎት ማምከኛ)፣ በ121 ዲግሪ የመከኑ ይሁኑ። በአልኮል መጥረግ ወይም በላይተር መለብለብ የጉበት ቫይረስን አያስቀርም።

የመጀመሪያው ዘንግ እንደ ምላስሽ ውፍረት ከ18 እስከ 22 ሚሊሜትር ይሆናል። ረዥም መስሎሽ አትከራከሪ፤ ትርፉ የእብጠቱ ቦታ ነው። ቁሱ ለሰውነት ውስጥ የሚፈቀድ ቲታኒየም ይሁን። ብርና የወርቅ ቅብ አይሆኑም፤ ብር ቁስል ውስጥ ይጠቁራል፣ ቅቡም ይላጣል።

ሐይቅ ዳር፦
ቦርከና ጥሩ ጀምሯል፤ እኔ እስኪድን ያለውን ልጨምር። እብጠቱ በዚያው ቀን ይጀምርና በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ይብሳል፤ በ8ኛው ቀን አካባቢ ይረግባል። «ሰ» እና «ረ» ይጠፉብሻል፣ ምራቅ ይበዛል፤ ይህ ያለ ነው። ከፈላ ውሃ የተሠራ ትንንሽ በረዶ ሳታኝኪ አፍሽ ውስጥ አሟሚ፣ ራስሽን በሁለት ትራስ ከፍ አድርገሽ ተኚ። ጨጓራና ኩላሊትሽ ደህና ከሆነ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ምግብ ከበላሽ በኋላ፣ በየ8 ሰዓቱ ለጥቂት ቀን ይረዳል። አስፕሪን አይሆንም፣ ደም ያቀጥናል።

መጉመጥመጫው ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ነው፣ 0.9 ፐርሰንቱ፤ ፋርማሲ ሁሉ አለ። እቤት ከሆነ ሩብ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ጨው በ250 ሚሊሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ አፈር አለበት፣ ለዚህ አይሆንም። ጨው ሲበዛ ያድናል የሚሉሽን አትስሚ፤ ያቃጥላል፣ ያደርቃል። ከበላሽ በኋላና ስትተኚ ለ30 ሰከንድ፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ይበቃል። አዲስ ለስላሳ ብሩሽ ግዢ። መፋቂያ ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ጭረቱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል።

ምግብ እስከ 4ኛው ቀን፦ ለብ ያለ አጥሚት፣ ከተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ፣ አቮካዶ ጁስ በማንኪያ። ስትሮው መምጠጡ ያደማል። ገንፎ ለስላሳ ስለሆነ ሁሉም ይመክርሻል፣ ነገር ግን ከዘንጉ ዙሪያ እንደ ሙጫ ይለጠፋል፤ ለሳምንት ተዪው። ከ5ኛው ቀን በኋላ እንጀራ በአልጫ ሽሮ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረስሽ ከመንጋጋሽ ላይ አስቀምጪ እንጂ በምላስሽ አታንከባልዪው። ጉርሻ ይቅርብሽ፤ ኳሷን ነክሰሽ ጥርስሽ ይሸረፋል። በርበሬ፣ ሚጥማጣና ሎሚ ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ሲቃጠል ይድናል ብሎ ነገር የለም፣ የተቆጣ ቁስል እንደገና ያብጣል።

ቡና ለብ ብሎ ከ4ኛው ቀን በኋላ ይቻላል፤ እየፈላ የመጣውን አትጠጪ። ጫት ግን እስኪድን ጨርሶ። ቅጠሉ ደቅቆ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ አፍ ያደርቃል፣ ምላስም ሰዓታት ሙሉ አያርፍም። ስለ ፌጦ ለአክስትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ሥጋ ይለበልባል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው።

ቦርከና፦
ሐይቅ ዳር፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ብዙ ፋርማሲ «አፍ ማጠቢያ» ሲባል ክሎርሄክሲዲን ይሰጣል። እሱ ለሳምንታት አይደለም፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ጥርስንም ኳሷንም ቡናማ ያደርጋል፣ ጣዕም ያጠፋል። ሐኪም ካላዘዘው ሳላይኑ ይበቃል።

ወሎዬዋ፦
አንድ የቀረ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። እብጠቱ ሲወርድ በኳሷና በምላስሽ መካከል 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ባዶ ዘንግ ይታይሻል። «ዳነ» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ያ ትርፍ በተናገርሽ ቁጥር የታች ፊት ጥርሶችን ጀርባ ይመታል፣ ድዱንም ይፈገፍገዋል፤ ድድ ከሸሸ ደግሞ በራሱ አይመለስም። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ በሳሽው ሰው ተመልሰሽ በ14 ወይም በ16 ሚሊሜትር ዘንግ አስቀይሪ። ስትበሺ አጭሩንም አብረሽ ግዢው። ራስሽ አትቀይሪው፤ አዲስ ቀዳዳ ዘንጉ ወጥቶ ትንሽ ከቆየ ይጠባል።

ስለ ረመዳን፦ ምላስ የሚድነው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። በዚህ ሳምንት ከተበሳሽ ለጥቂት ይደርሳል። ሁለት ሳምንት ካዘገየሽ ግን ከዒድ በኋላ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ የደረቀ አፍ ቁስል አያድንም፣ በየምግቡ መጉመጥመጡም አይመችም።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ነጭ ነገር ከቀዳዳው ቢወጣስ? ኳሷ ብትፈታስ?

ሐይቅ ዳር፦
ቀጠን ያለ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽ፣ ዘንጉ ላይ የሚደርቅ፣ ያለ ነገር ነው። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ የሚሸት ከሆነና ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ዘንጉን ግን ራስሽ አታውጪ፤ ቀዳዳው ይዘጋና መግሉ ውስጥ ይቀራል። ኳሷ ሥጋው ውስጥ መስጠም ከጀመረችም በዚያው ቀን ረዘም ባለው ይቀየር።

ኳሷን በየቀኑ ጠዋት በታጠበ እጅ አጥብቂያት፣ የታችኛዋን ይዘሽ የላይኛዋን ወደ ቀኝ። ከዋጥሻት አብዛኛውን ጊዜ በራሷ ትወጣለች፤ ትን ብሎሽ ሳል ካልተወሽ ግን ወደ ሆስፒታል ነው።

ቦርከና፦
እብጠቱ ከምላስ አልፎ ከሥሩ ወይም ከአገጭ በታች ከጠነከረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ሪፈራሉ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ መተንፈሻሽን ሊዘጋ ይችላል።