የላብራቶሪ ሕንፃዬ አየር አስቸገረኝ፤ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የአርክቴክቸር ተመራቂ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ድሬዳዋ ላይ ባለ 4 ፎቅ የሳይንስና ምህንድስና ሕንፃ ነው። "መብራት የማይበላ ሕንፃ" እሠራለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር፤ አሁን ተቸክያለሁ።

ክፍሎቹና ቢሮዎቹ አላስቸገሩኝም። ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሬ፣ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶችን አሳንሼ ጨረስኩ። ጉዱ ኬሚስትሪ ላብራቶሪው ላይ ነው። 16 ፊውም ሁድ አለው፤ ያው ጋዝ የሚስበው ካቢኔ ማለቴ ነው። የአንዱ አፍ 1.5 በ0.5 ሜትር ነው። አየሩ በሰከንድ 0.5 ሜትር ሲገባ፣ አንዱ ብቻ በሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ ይስባል። ሁሉም ሲከፈቱ 21,600! ያ ሁሉ በኤሲ የቀዘቀዘ አየር በጣሪያ ውልቅ ነው። እኔ ደግሞ ሙቀት እንዳያስገባ ብዬ ለግድግዳ ኢንሱሌሽን ስንት ሌሊት አድሬያለሁ።

አማካሪዬ "መስኮት ክፈትበት" ይሉኛል። ነፋስ ከገባ ግን ጋዙ ከካቢኔው ወጥቶ ተማሪው ፊት ላይ ነው።

የካቢኔው መስታወት ዝቅ ሲል ፋኑም አብሮ የሚቀንስበትን ሲስተም እዚህ አገር ያስገጠመ አለ? ሴንሰሩ አቧራ ይችላል? ወይስ ካቢኔዎቹን 8 አድርጌ ተማሪዎቹን በፈረቃ ላስገባ? በተለይ መካኒካል ኢንጂነሮች፣ በናታችሁ። ዲፌንሴ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።